ካሳነሽን ማንም ያልጠየቃት ነገር

ካሳነሽ ዕድሜዋ ሠላሳ ስምንት ነው። የማያውቃት ሰው ግን ሃምሳ ብሎ ይገምታታል። ቤቷ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ከተሄደ በኋላ፣ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ መንደር ውስጥ ነው። የአዊ ወገን ናት፤ ከእናቷ ጋር በአገውኛ፣ ከባሏ ከስመኘው ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች። በቆሎና በርበሬ ያመርታሉ። መሬታቸው ሰፊ ባይሆንም ስመኘው ብርቱ አራሽ ስለሆነ ጎተራቸው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ካሳነሽን ያስረጃት መንገድ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመች ልጅ ይዛ የተመላለሰችበት መንገድ።

ልጅቱ ማርያማዊት ትባላለች። ካሳነሽ ከእሷ በፊት ሁለት ወልዳ ሁለቱንም ቀብራለች። የመጀመሪያው ወንድ ነበር። በሰባት ወሩ ሳል ጀመረው፤ ደረቱ እንደ ወናፍ እየተነሳ እየወደቀ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሞተ። ሁለተኛዋ ሴት ነበረች፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖራ እሷም በሳል ሄደች። ጎረቤቱ "እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደው" ብሎ አጽናናት። እሷም ተጽናናች፣ ወይም ለሰው እንዲያ መሰለች።

ማርያማዊት በተወለደች በሳምንቷ ካሳነሽ ግንባሯን ስትስማት ከንፈሯ ላይ ጨው ጨው አለባት። ፊተኞቹም እንዲሁ ነበሩ። ልጅቱ ዳዴ ማለት ስትጀምር ላቧ ሲደርቅ አንገቷ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀር ጀመር፤ በረት አጠገብ ካስቀመጧት ጥጃዋ መጥታ ክንዷን ትልሳለች። የሌላውን ሰው ልጅ አትነካም። ካሳነሽ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል፤ እሷ ግን የደበቀችው ነገር አልነበረም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ "ስንት ቀን ሆናት?" "ትኩሳት አላት?" "አክታ አላት?" ይሏታል። የተጠየቀችውን ትመልሳለች። ስለ ጨው የጠየቃት የለም።

ሳሉ አልቆመም። ክረምት ይብሳል፣ በጋ ቀለል ይላል፣ በርበሬ የሚሰጣ ሰሞን ደግሞ አቧራው ሲነሳ ልጅቱ ሆዷን ይዛ እስክትጎብጥ ድረስ ያስላታል። በአራት ዓመቷ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ ስድስት ወር መድኃኒት ዋጠች። በስምንት ዓመቷ እንደገና ስድስት ወር። ሁለቱንም ጊዜ አክታዋ ተመርምሮ የተገኘበት ነገር አልነበረም፤ ሳሉ ግን የነቀርሳ ሳል ይመስል ነበርና ምን ያድርጉ። ካሳነሽ አንድ ቀን ሳታጓድል አዋጠቻት። መድኃኒቱ ሲያልቅ ልጅቱ እንደነበረችው ነበረች።

ከሳሉ ሌላ ካሳነሽን የሚያስጨንቃት አበላሏ ነበር። ማርያማዊት ከአባቷ እኩል ትበላለች። እንቁላሉን፣ ወተቱን፣ ጎመኑን፣ የቀረበላትን ሁሉ ጠራርጋ ትበላና ከአንድ ሰዓት በኋላ "እማ፣ ራበኝ" ትላለች። ሰውነቷ ግን የሸምበቆ ያህል ነው። ወስፋት ነው እያሉ የወስፋት መድኃኒት በየጊዜው ሰጧት። አንዳንዱ ደግሞ አፉ አያርፍምና "ይችን ልጅ አታበሏትም እንዴ?" ይላል። ካሳነሽ ይህን ስትሰማ ቤቷ ትገባለች።

የዓይኗ ሕመም የታወቀው በ2015 ኅዳር ወር ነው። ማርያማዊት ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ከሰዓት ፈረቃ ትማራለች። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጉልበቷና ክርኗ ደምቶ መጣች። "ወደቅሁ" አለች። በሦስተኛው ቀን እንደገና ወደቀች። በሳምንቱ ካሳነሽ ደጃፍ ላይ ቆማ ስትጠብቃት፣ ልጅቱ የጓደኛዋን የነጠላ ጫፍ ይዛ እግሯን እያንፏቀቀች ስትመጣ አየቻት። አጥሩ ጋ ሲደርሱ ጓደኛዋ ለቀቀቻት። ማርያማዊት ከዚያ ወዲያ እጇን ወደፊት ዘርግታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መጣች። እርምጃ እየቆጠረች ነበር። እናቷ በር ላይ መቆሟን አላየችም፤ ደረቷ ላይ መጥታ ተላተመች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለቻት ካሳነሽ።

ልጅቱ በጎኗ አልፋ ልትገባ ሞከረች።

"ማርያማዊት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመስቀል ወዲህ። ፀሐይዋ ስትገባ ዓይኔም አብሮ ይገባል። ጧት ይመለሳል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንደገና ጤና ጣቢያ ልንሄድ ነዋ" አለች ልጅቱ። "ደክሞሻል እኮ፣ እማ።"

ካሳነሽ ከሰማችው ነገር ሁሉ ይህ ብዙ ቀን ሲከነክናት ኖረ።

መንደሩ ወዲያው ስም ሰጠው፤ ዳፍንት ነው። መድኃኒቱንም ሁሉም ያውቃል፤ ጉበት ነው። ስመኘው ቡሬ ገበያ በወረደ ቁጥር ከሥጋ ቤት ጉበት ይዞ ይመጣል፤ ካሳነሽ ጠብሳ ታበላታለች። ጠበልም ሁለት ሱባዔ ተጠመቀች። የጤና ኬላዋ ሠራተኛም ዳፍንትን ታውቀዋለችና ቀዩን የቫይታሚን ኤ እንክብል ጫፉን ቆርጣ አፏ ውስጥ ጨመቀችላት። ማርያማዊት ሁለት ሳምንት ያህል ሻል አላት፤ አመሻሽ ላይ የእናቷን ፊት ለየች፣ የመብራቱንም መስቀያ አየች። ከዚያ ተመልሶ ጨለመባት። እንደገና እንክብል፣ እንደገና ሁለት ሳምንት። በሦስተኛው ደግሞ ከቁጥር የሚገባ ለውጥ አልታየም። የከሰዓት ፈረቃው ስላልሆነላት ትምህርቷን አቋረጠች።

ከዚያ ዓይኗ በቀንም መቆርቆር ጀመረው። እንባ የላትም፤ ታለቅሳለች፣ ጉንጯ ግን እምብዛም አይረጥብም። ነጩ የዓይኗ ክፍል ድምቀቱን አጥቶ ሽብሽብ አለ፤ ከብሌኗ ጎንም የሳሙና አረፋ የመሰለ ነገር ወጣ። በአካባቢው ትራኮማ የማያውቅ ቤት ስለሌለ እሱ ነው ተብሎ ቅባት ተሰጣት። ካሳነሽ ስድስት ሳምንት ቀባቻት። በ2016 ሰኔ ላይ ቀኝ ዓይኗን ክፉኛ አመማት፤ ብርሃን ሲነካት ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ካሳነሽ ብሌኗ ላይ የጤፍ ቅንጣት የምታህል ነጭ ነጥብ አየች። በማግስቱ ልጇን ነጠላ አከናንባ ቡሬ ወረደች፤ ከዚያም በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄደች።

የዓይን ክፍሉ በር ላይ ረጅም ወረፋ ነበር። አብዛኞቹ አሮጊቶች ናቸው፤ ትራኮማ ወደ ውስጥ ያጠፈው የዓይን ቆባቸው ተገልብጦ ሊሰፋላቸው የመጡ። ካሳነሽ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ልጅቱ ጭኗ ላይ ተኛች። ተራቸው የደረሰው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው።

የዓይን ነርሱ ስዩም ይባላል፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ያን ቀን አሥራ አንድ ሰው ቀዷል። ወንበሩን ወደ ልጅቱ ስቦ በባትሪ ዓይኗን አየ። ቆቧን ገልብጦ አየ። እንደገና አየ።

"ይኼ ትራኮማ አይደለም" አለ። "አመሻሽ ላይ ታያለች?"

"አታይም፣ ዶክተር።"

"ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ቀይ እንክብል ተሰጥቷት ያውቃል?"

"ሦስት ጊዜ። ሁለት ሁለት ሳምንት ብቻ ረዳት።"

ስዩም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ዳፍንት የሚይዘው ምግብ ያጣ ልጅ ነው። ቤት የምትበላው ምንድን ነው?"

ካሳነሽ ፊቷ ተለወጠ። ያው ጥያቄ መሰላት። "ሁሉን ትበላለች" አለች ቀስ ብላ። "እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመን፣ ጉበት። ስንት ጉበት በላች። አባቷ የሚበላውን ያህል ትበላለች። አላምን ካሉ ራሷን ይጠይቋት።"

"አመንኩዎ። የሚገርመኝ ምግቡ የት እንደሚሄድ ነው።"

"በሰገራዋ ነው የሚሄደው" አለች ካሳነሽ። "ቅባት ነው። ውሃ ሲነካው ይንሳፈፋል። ሽታው ቤት አያስቀምጥም።"

ማርያማዊት አንገቷን ደፋች። ስዩም ወደ እሷ ዘንበል ብሎ "አይዞሽ፣ እዚህ የሚታፈርበት ነገር የለም" አላትና ወደ እናቷ ዞረ። "ስታስልም እየሰማኋት ነው። ሳሉ መቼ ጀመራት?"

"ስትወለድ።"

"ከተወለደች ጀምሮ ከሌላ ልጅ የተለየብዎ ሌላ ነገር አለ? የማይረባ ቢመስልዎም ይንገሩኝ።"

ለካሳነሽ ጥያቄው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ጥያቄ ነበር፤ ለመልሱም ቃል ማዘጋጀት ነበረባት።

"ጨው ናት" አለችው። "ስስማት ጨው ትለኛለች። ላቧ ሲደርቅ ይነጣል። ጥጃ ይልሳታል። ከእሷ በፊት የሞቱብኝም ሁለቱ እንዲህ ነበሩ።"

ስዩም ብዙ ዓመት የዓይን ቆብ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው፤ ሳንባና ሆድ ሥራው አይደለም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ አንዲት የሕፃናት ሐኪም ስለ ዓይን ድርቀት ስታስተምር፣ ላቡ ጨው ስለሚሆን፣ ሳልና የቅባት ሰገራ ስላለው ሕመም በመሃል አንስታ እንደነበር ትዝ አለው። ስሙን ረስቶታል። ሐኪሟን ግን አልረሳትም፤ ዶክተር ትሕትና ትባላለች። ስልኩን አወጣ። ካሳነሽ አጠገቡ ተቀምጣ "ጨው ናት ብለውኛል እናቷ፣ በዚሁ ቃል" ሲል ሰማችው።

ወደ ባሕር ዳር ተልከው ሆስፒታል አሥራ ስምንት ቀን ተኙ። ዶክተር ትሕትና ገና ወጣት ናት፤ ቶሎ ቶሎ ትሄዳለች፣ ስትናገር ግን አትቸኩልም። ቫይታሚኑን በአፍ ከመስጠት ይልቅ በመርፌ ሰጠቻት። ሕመሙን የሚለየው የላብ ምርመራ እዚያ ስላልነበረ በኋላ አዲስ አበባ ድረስ ተልከው እስኪረጋገጥ አራት ወር ፈጀ። እሷ ግን ያኔውኑ እርግጠኛ ነበረች። በአሥረኛው ቀን ካሳነሽን ወደ ቢሮዋ ጠርታ አስቀመጠቻት።

"ሕመሙ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይባላል" አለቻት። "ስሙን ባይዙትም ግድ የለም። ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታ እንደ ሙጫ ይወፍራል፤ ለዚያ ነው የምታስለው። ቆሽት የሚባል አካል አለ፤ ቅባት የሚፈጨው ፈሳሽ ከእሱ ነው የሚመጣው። የእሷ ቆሽት መውጫው ተደፍኗል። ስለዚህ ቅባት አይፈጭላትም። ለዓይን የሚሆነው ቫይታሚን ደግሞ ከቅባት ጋር ካልሆነ ወደ ሰውነት አይገባም። እርስዎ በደንብ አብልተዋታል። ሰውነቷ ነው ያልተቀበለው።"

ካሳነሽ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማች። "እርስዎ በደንብ አብልተዋታል" የሚለውን እንድትደግምላት ፈልጋ ነበር፤ አፈረች።

"ትድናለች?"

"ሕመሙ አይጠፋም። ከሕመሙ ጋር ልትኖር ትችላለች። ስንት ዓመት እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብዋሽዎ ኃጢአት ነው።"

"ዓይኗስ?"

"ዳፍንቱ ይለቃታል። ቀኝ ዓይኗ ላይ ያለው ጠባሳ ይቀራል። በዚያ ዓይን ደብዘዝ ብሎ ነው የምታየው።"

"ፊተኞቹ ልጆቼም ይኼው ነበሩ?"

"አላየኋቸውም። እንደነገሩኝ ከሆነ ግን ይመስለኛል። እርስዎም ባለቤትዎም ጤነኞች ናችሁ፤ ነገር ግን ሁለታችሁም የዚህን ሕመም ግማሽ ሳታውቁት ይዛችኋል። ሁለቱ ግማሾች አንድ ልጅ ላይ ሲገናኙ ነው ሕመም የሚሆነው።"

ከዚያ በኋላ እንዴት የልጅቱን ጀርባና ደረት በታጠፈ መዳፍ እየመታች አክታውን እንደምታወርድ፣ ቅባት የሚፈጭላትን እንክብል ከምግብ ጋር እንዴት እንደምትሰጣት፣ በሙቀት ጊዜ ምግቧ ላይ ጨው እንደምትጨምርላት አሳየቻት። ካሳነሽ ማንበብ ስለማትችል ሁሉንም ደጋግማ በቃሏ ያዘች። በአሥራ አራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ማርያማዊት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በመስኮት ስታይ ቆየችና "እማ፣ እዚያ ማዶ አንዲት ሴትዮ ልብስ እየሰበሰበች ነው" አለቻት። ካሳነሽ ሄዳ አየች። እውነት ነበር። ተመልሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ቤት የተመለሱ ዕለት ስመኘው ምንም አልጠየቀም። እንግዳው ሁሉ ጠይቆ ከሄደ በኋላ፣ በማግስቱ ጧት በቆሎ ሲኮተኩቱ ካሳነሽ ራሷ ነገረችው። የሐኪሟን ቃል ሳታጓድል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ስመኘው መኮትኮቱን አላቆመም።

"ከእኔ ነው ከአንቺ?" አለ በመጨረሻ።

"ከሁለታችን።"

አንድ መስመር ኮትኩቶ ጨረሰ። ቀና ብሎ ላቡን ጠረገ። "እንኳን ካንዳችን ብቻ አልሆነ" አለ።

በርበሬው ሲደርስ እንደ ወትሮው ግቢ ውስጥ አላሰጣውም። ማዶ ሜዳ ላይ ወስዶ አሰጣው፤ ሌባና ከብት እንዳይነካውም ደረቅ እስኪል ድረስ ራሱ ሲጠብቅ ሰነበተ። ጎረቤቱ "ምን ነካው?" እያለ ሳቀበት።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ ይኼ ነው። ጧትና ማታ ደረት መምታት፤ አንዱ ዙር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በየወሩ ፍኖተ ሰላም። እንክብሉ አንዳንድ ጊዜ ይገኛል፣ አንዳንድ ጊዜ አይገኝም፤ ዶክተር ትሕትና ከያለበት እየለመነች ትልካለች። መስከረም ላይ መንገድ ለሦስት ሳምንት ሲዘጋ መድኃኒቱ አለቀ፤ ልጅቱ በስንት መከራ ያገኘችውን ሥጋ በቀላሉ አጣችው። መንገዱ በተከፈተ ዕለት ካሳነሽ ጎህ ሲቀድ ተነሳች። ማርያማዊት አሁን አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ወደ ጧት ፈረቃ ተዛውራ ትምህርቷን ቀጥላለች፤ የፊተኛው ወንበር ላይ፣ ሰሌዳውን በግራ ዓይኗ እንድታይ በቀኝ በኩል ትቀመጣለች። ሳሉ አለ። ደረቷ የሚጠናበትም ሳምንት አለ።

ዘንድሮ ጥር ላይ ለክትትል በሄዱ ጊዜ ስዩም የልጅቱን ዓይን አይቶ ከጨረሰ በኋላ ካሳነሽን አያት። በሩ ላይ ቆማ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

"እርስዎስ?" አላት።

"እኔ ምን ሆኜ።"

"እስቲ ይቀመጡ።"

ተቀመጠች። ቆቧን ገለጥ አደረገው። የዓይኗ ፀጉር ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን እየፋቀው ነበር፤ ግማሹ ተነቅሏል፣ ግማሹ እንደ ገለባ አጭር ሆኖ በቅሏል።

"በምን ነው የሚነቅሉት?"

"በወረንጦ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"እሷ መራመድ ስትጀምር።"

"እዚህ ወንበር ላይ ስንት ጊዜ መጥተዋል፣ ወይዘሮ ካሳነሽ?"

"እሷን ይዤ ነዋ የመጣሁት" አለች።

ስዩም እጁን ታጠበ። ሁለቱንም ዓይን ባንድ ቀን ሊሠራላት አስቦ ነበር፤ "ልጅቱን ማን ይመራታል? ማንስ ደረቷን ይመታላታል?" ስትለው ቀኙን ብቻ ሠራ። ማደንዘዣው ሲገባ እንኳ ፊቷን አላጨማደደችም። ክሩን እያሰረ ሳለ ትንፋሿ ሲረዝም ሰማ። እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

በማግስቱ ፋሻው ተነስቶላት ቤቷ ገባች። ጭስ አይንካሽ፣ አቧራ አይንካሽ፣ ሳምንት እረፊ ተብላለች። ስመኘው መደቡን አነጠፈላት፤ ምጣዱንም ውሃውንም ለጎረቤት ሴቶች ነግሮ መጣ። ካሳነሽ ጀርባዋን ሰጥታ ተኛች። ከሰዓት በኋላ ስትነቃ ከውጭ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ የመዳፍ ድምፅ ሰማች። ስመኘው የልጁን ደረት እየመታ ነው። አመታቱ ልክ አይደለም፤ ይፈጥናል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይፈጥናል። ማርያማዊት "አባባ፣ ዝቅ አድርገው፣ እዚያ አይደለም" ትለዋለች፤ እሱም "እሺ፣ እሺ" ይላል። ከዚያ ልጅቱ ብዙ አሳላት፣ ተፋችም።

ካሳነሽ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። ልትነሳ አሰበችና ተወችው።